ሙሉ ነኝ

ዳርያ የሊጡን ጠርዝ በአውራና በሌባ ጣቷ መሀል እየቆነጠጠች ትዘጋለች። ውስጡ የተፈጨ ድንችና አይብ ነው። ጠርዙ በደንብ ካልተዘጋ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፤ ያኔ እናቷ የማን እጅ እንደሆነ እያወቀች «ይሄ የማን ሥራ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የወጥ ቤቱ መስኮት ነጭ ሆኗል። የእህል ጎተራው አይታይም፤ መንገዱም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የስንዴ ማሳም የለም። የካናዳዋ የሳስካችዋን ነፋስ በረዶውን ከመሬት እያነሳ ወደ ጎን ይነዳዋል። የተማሪ አውቶቡሶች ዛሬ እንደማይወጡ ጠዋት በሬዲዮ ተነግሯል።

ከዱቄቱ አጠገብ ያለው ስልኳ ነዘረ። በክርኗ ገፋ አድርጋ አየችው። መልእክቱ ከኤዝራ ፍሪሰን ነው፤ የትምህርት ቤቱ የጌም ክበብ ውስጥ ሁልጊዜ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ።

«ነገ የምትዪውን ለመስማት ቸኩያለሁ። ጣቢያው ስትደርሺ ምን እንደተሰማሽ መናገር እንዳትረሺ።»

በእጇ የያዘችው ሊጥ ሳይዘጋ ቀረ።

«ምነው?» አለች እናቷ።

«ምንም።»

«ፊትሽ ግን ምንም አይመስልም።»

«እማ፣ ልሂድ? ነገ የሚተላለፈውን ገና አልቀዳሁትም።»

እናቷ ትሪውን አየች፤ ከዚያ ዳርያን አየች። «ሂጂ። የፈነዳውን ግን የምትበዪው አንቺ ነሽ።»

ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ ከመዝሙሩና ከማስታወቂያው በኋላ፣ የዳርያ ድምፅ በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ በየክፍሉ ይሰማል። ስለ አንድ ጌም የምታስበውን ትናገራለች። አጭር ነው፤ ተማሪው ግን ጆሮውን ይሰጣታል፤ ምክንያቱም አትለማመጥም። በተለይ መኪኖች ስለሚዋጉባቸው ጌሞች የሚከራከራት የለም። ጥሩ የመኪና ጦርነት ክብደት አለው ትላለች፤ መኪናው ሲታጠፍ ኋላው ትንሽ መዘግየት አለበት፤ ጎማው አስፋልት ላይና ጭቃ ላይ ሲሄድ ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ ጌሙን የሠራው ሰው መኪና ነድቶ አያውቅም። ዋናው መሣሪያ ጣሪያው ላይ ያለው መትረየስ አይደለም። ኩርባው ነው። ጠላትህን ኩርባ ውስጥ ካስገባኸው ራሱን ይገድላል። «የብረት መንጋ» የሚባለውን ጌም ከጓደኛዋ ከኮልተን ጋር የምትጫወተው በዚህ እምነት ነው፤ እሷ ትነዳለች፣ እሱ ይተኩሳል።

ነገ ግን ነገሩ ከወትሮው ይከብዳል። የክበቡ ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው፤ ከአንድ ትልቅ ጌም በላይ አይችሉም። ክረምቱን ሙሉ የትኛው እንደሚጫንባቸው አባላቱ ነገ በምሳ ሰዓት ድምፅ ይሰጣሉ። አንዱ «የብረት መንጋ» ነው። ሌላው ኤዝራ ያቀረበው «ሰፊው ጨለማ» የሚባል የጠፈር በረራ ጌም ነው። ዳርያ ጠዋት የምትለው ነገር ምሳ ላይ እጅ እንደሚያስነሳ ሁሉም ያውቃል፤ ኤዝራም ያውቃል።

ሰኞ ዕለት መተላለፊያው ላይ አስቁሟት ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ» አላት፣ ጫማዋን እያየ። «አንዴ የጠፈር ጣቢያው እስክትደርሺ ተጫወቺው። ከዚያ እንደፈለግሽ ስደቢው።»

«ደርሻለሁ እኮ» አለችው ዳርያ፤ ደወሉ እየተደወለ ስለነበር፣ ኮልተንም ከኋላዋ ቆሞ ስለነበር።

የኤዝራ ፊት በርቶ ነበር። አልደረሰችም። ከመነሻው ወደብ እንኳ ወጥታ ብዙም አልሄደችም፤ ጥቁር ነገር አየች፣ አዛጋች፣ ዘጋችው።

ኮልተን ግን ነገ ጌሙን የምታፈርስባቸውን ቀልዶች አዘጋጅቶላታል። «ሰፊው ጨለማ አውቶቡስ የማይመጣበት ፌርማታ ነው» የሚለው የእሱ ነው። ዳርያ ራሷ ስታነበው ስቃለች።

ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። የጠዋቱን ስርጭት የሚያዘጋጁት መምህር ሚስተር ዊብ ቅጂውን የሚፈልጉት ከእራት በፊት ነው። እስከዚያ አንዴ ጣቢያው ትደርስና የሰኞው ውሸት እውነት ይሆናል። ከዚያ ቀልዶቹን ታነባለች፣ ትልካለች። የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች፤ ጌሙን ከፈተች።

ጣቢያው ከፊቷ እንደ መርፌ ጫፍ ይበራል። ነዳጅ ሰጠች። መንኮራኩሯ ስትፈጥን ምንም አልተሰማትም፤ የሚያልፍ ዛፍ የለ፣ የሚንቀጠቀጥ መሪ የለ። «ይኸው» አለች ለራሷ፤ «ክብደት የለውም።» ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠችው። እናቷ ከታች ድስት ስትከድን ሰማች። መርፌው ሳንቲም አከለ። ሳንቲሙ ሰሐን አከለ።

ያኔ ፍሬን ፈለገች።

ፍሬን የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰሐኑ ቤት ሆነ፤ ቤቱ ከተማ ሆነ፤ መስኮቶቹ ውስጥ መብራት ያለበት፣ በዝግታ የሚሽከረከር ከተማ። ከዚያ በጎኗ አለፈ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ዳርያ ማንኛውም የ«ብረት መንጋ» ሹፌር የሚያደርገውን አደረገች፤ መሪዋን ጠምዝዛ አፍንጫዋን ወደ ጣቢያው መለሰችና እንደገና ረገጠች። አፍንጫዋ ወዲያው ዞረ። መንኮራኩሯ ግን አልዞረችም። ፊቷን ወደ ጣቢያው አድርጋ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረች፤ ከተማው ቤት፣ ቤቱ ሰሐን እየሆነ። ነዳጁን ሁሉ አፈሰሰችው። ፍጥነቷ ቀነሰ፤ አልቆመም። ከዚያ ሞተሩ ፀጥ አለ።

በ«ብረት መንጋ» ውስጥ ፀጥታ የለም። ሲሸነፉ እንኳ የሚነድ ነገር ይንጣጣል፣ ኮልተን ይሳደባል። እዚህ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአብራሪዋ ትንፋሽ፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ። ዳርያ ሳታስበው የራሷን ትንፋሽ ከእሱ ጋር አስተካከለች።

ከጣቢያው ኋላ አንድ ነገር መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ የምላጭ ጠርዝ የመሰለ ብርሃን ነበር፤ ቀጥሎ ግማሽ ማያውን የሞላ ፈዛዛ ቢጫ ፕላኔት ሆነ፤ በወገቡ ዙሪያም ቀለበት አለው። የቀለበቱ ጥላ ፕላኔቱ ላይ እንደ እስክሪብቶ መስመር ወድቋል። ማንም እንድታየው አላዘዛትም። ቀስት አልጠቆመም፣ ነጥብ አልተሰጠም። እዚያ ነበር፤ እሷ ብታየውም ባታየውም እዚያ ይሆን ነበር።

አፏ ተከፍቶ እንደነበር ያወቀችው ሲደርቅባት ነው።

ለሌሎች ተጫዋቾች የሚደርሰውን የእርዳታ ጥሪ ተጫነች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ከዚያ በሬዲዮው የአንድ ሰው ድምፅ ተሰማ፤ ያንሾካሽካል።

«ሰምቼሻለሁ። ኦዲሎን እባላለሁ፤ ከኩቤክ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፤ አየርሽ እንዴት ነው?»

«ሙሉ ነኝ» አለች ዳርያ።

በ«ብረት መንጋ» ውስጥ ጠላት ሬዲዮህን ይሰማል። ስለዚህ መኪናህ እየነደደም ቢሆን ለጓደኛህ የምትመልሰው ያንኑ ነው። አንዴ ኮልተን ሁለት ጎማ አጥቶ፣ ጣሪያው በእሳት ተያይዞ፣ በኩራት «ሙሉ ነኝ!» ብሎ ወዲያው ፈንድቷል። ያን ቀን ሆዳቸው እስኪያማቸው ስቀዋል። አሁን ቃሉ ከአፏ የወጣው ዓይኗ የአየሩን መለኪያ ሳይፈልግ ነው።

«ጥሩ» አለ ሹክሹክታው። «ሙሉ ከሆንሽ ቀስ ብዬ እመጣለሁ። ነዳጅ ልቆጥብ፤ መንገዴ ሩቅ ነው።»

«ለምንድን ነው የሚያንሾካሽኩት?»

«ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታለች። ከነቃች አንቺም ተበላሽ፣ እኔም ተበላሁ።»

ዳርያ ሳቋን አፈነች፤ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወዴት እየሄዱ ነበር?»

«ወደ ዳርቻው። ከዚያ ወዲያ ኮከብ የለም ይላሉ። አይቼው ልመለስ።»

«ከተነሱ ቆዩ?»

«ይቺ ሳትወለድ ነው የተነሳሁት። ሚስቴ ሆዷ ገና አልታወቀም ነበር። ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ እሄዳለሁ።»

አንድ ሰው እዚያው ኩቤክ ውስጥ ሳሎኑ ሆኖ፣ ማንም ሳይተኩስበት፣ ማንንም ሳያሸንፍ፣ ኮከብ የሌለበትን ቦታ ለማየት ይህን ያህል ይጓዛል። ይህን ለኮልተን ብትነግረው ምን እንደሚል ታውቃለች። ለመሳቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

በማያው ጥግ አንድ ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ስታየው ቆይታለች፤ ጌጥ መስሏት ነበር። አሁን ትኩር ብላ አየችው። አየሩ ነው። መጀመሪያውንም ሙሉ አልነበረም፤ ስትንቀዠቀዥ ግማሹን ጨርሳዋለች። የቀረው ጥቂት ነው፤ ኦዲሎን ደግሞ በእሷ ቃል ተማምኖ ቀስ እያለ ነው።

አየሩ ካለቀ አብራሪዋ ትሞታለች፤ የሞተ አብራሪ ደግሞ በዚያው ቀን ስለማይመለስ ጨዋታው ነገ ከመነሻው ይጀምራል። ከእራት በፊት ጣቢያው አትደርስም፤ የሰኞውም ውሸት ውሸት ሆኖ ይቀራል። ዝም ብትልስ? ማንም አያያትም። ወይም «ቀዳዳ ተከፈተ» ልትል ትችላለች፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ይፈጠራል፤ ያምናታል። ቃሉ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። በጆሮዋ ውስጥ ደግሞ የሕፃኗ ትንፋሽ ይሰማል፤ ትንሽ፣ ፈጣን፣ እርጥብ።

«ኦዲሎን» አለች። «ሙሉ አልነበርኩም። ሳላየው ነው ያልኩት።»

«አሁን እያየሽው ነው?»

«አዎ።»

«በይ ንገሪኝ።»

ነገረችው። ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል መለሰላት። «እሺ። የውጭ መብራትሽን አጥፊ። ማሞቂያውን አጥፊ። የውስጡንም መብራት። ከሬዲዮው በቀር ምንም አይብራ።»

አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። የመጨረሻው መብራት ሲጠፋ ማያው ጨለመ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ጥቁር ብላ የተወችው ቦታ ጥቁር አልነበረም። ከዋክብቱ መጡ፤ ከኋላቸው ሌሎች፣ ከእነሱም ኋላ እንደ ደቀቀ ጨው የተበተኑ ሌሎች፤ ዱቄት መሳይ ብርሃን ከማያው ጫፍ እስከ ጫፍ ፈሰሰ። ስታዛጋ ጊዜም እዚያ ነበሩ። የሸፈነቻቸው የራሷ መብራት ነው።

ከዋክብቱ መሀል አንዱ ማደግ ጀመረ።

«ያ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። እየሮጥኩ ነው።»

«እሳቱ ለምን ወደ እኔ ዞረ?»

«ፍሬን የለማ! ግማሽ መንገድ ላይ ጀርባሽን ትሰጫለሽ። ለመነሳት ያቃጠልሽውን ያህል ለመቆም ታቃጥያለሽ። ሰው እየመጣልሽ እንደሆነ የምታውቂው በዚያ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይመጣል።»

ሰማያዊው ነበልባል መስኮቷን ሞላ፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደማያቃጥላት ብታውቅም። ከዚያ ጠፋ፤ ሁለቱ መንኮራኩሮች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ቱቦ ተዘረጋ። የአብራሪዋ ትንፋሽ ረዘመ፣ ረጋ። ዳርያም ወንበሯ ላይ ተለቀቀች፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ ነበር።

«አሁን እኔም እንዳንቺ ነኝ» አለ ኦዲሎን። «ጠብታ የለኝም።»

«ለዳርቻው የያዙት…»

«አልቋል።»

«በእኔ ምክንያት።»

«በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ሙሉ ነው» አለ። ቀጥሎ የተናገረው ለእሷ አልነበረም። «ሁለት ነን። አየር አለ፣ ነዳጅ የለም። ማን አለ?»

ማን እንደነበረ ዳርያ በዓይኗ አየች። ከግራ አንድ ነጥብ ተለኮሰ። ከታች ሌላ። ከቀለበቱ ጥላ ውስጥ ሦስተኛ ወጣ፤ ቆይቶም ከሩቅ፣ ከዋክብቱ መሀል፣ ሌላ። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እሳታቸውን ወደ እነሱ አዙረው፣ በዝግታ እየቀረቡ ነበር። በረዶ በበረታ ቀን መንገድ ላይ ተይዘው ሳለ የበረዶ መጥረጊያው መኪና መብራት ከነጩ ውስጥ ብቅ ሲል አባቷ የሚያወጣውን ድምፅ እሷም አወጣች፤ ቃል ያልሆነ፣ ከደረት የሚወጣ ነገር።

«ያምራል፣ አይደል?» አለ ኦዲሎን። ያኔ ሕፃኗ አለቀሰች። «ይኸው! አለቀልን!» ብሎ ጮኸ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፁ። ወፍራም፣ ደስተኛ ድምፅ ነበር። ሬዲዮው ተዘጋ።

አንዲት የማታውቃት አብራሪ ነዳጅ ሞላችላትና «ግማሽ መንገድ ላይ ዙሪ፣ እሺ?» ብላት ሄደች። ዳርያ ዞረች። ጣቢያው ላይ ስትደርስ ግጭት አልነበረም፤ አንድ ለስላሳ ነካ ማለት ብቻ። አሁን ክብደቱ ተሰማት፤ ጎማና አስፋልት ስለሌለ አልነበረም ማለት አይደለም። ጠቅላላውን መንገድ አብሯት ነበር።

ስልኳ ጠራ። ኮልተን ነው።

«ቀዳሽው? ላኪልኝ ቶሎ፤ የአውቶቡሱን ቀልድ ስትዪ ልስማው።»

«አልቀዳሁትም። ሌላ ነገር ነው የምለው።»

«ምን ማለት ሌላ?»

«ሰኞ ኤዝራን ዋሽቼዋለሁ። ዛሬ ነው ጣቢያው የደረስኩት።»

«እና ደረስሽ! አለቀ። ምን ችግር አለ?»

«ጥሩ ነው፣ ኮልተን።»

«አትፎግሪኝ።»

«እውነቴን ነው። ነዳጅ አልቆብኝ ነበር። ሰዎች መጡ። ጀርባቸውን ሰጥተው…» ቆመች፤ በስልክ የሚነገር አልነበረም።

«ጀርባቸውን ሰጥተው» ደገመላት ኮልተን። «አይ ዳርያ! ጠፈርተኛ ሆነሽ ቀረሽ በቃ? ክረምቱን ሙሉ ጨለማ ላይ ተጎልተን ልንውል ነው? መንጋው ተኝቶ?»

«መንጋውንም እወደዋለሁ። እሱንም እላለሁ።»

«አንቺ ይሄን ካልሽ በኋላ ማን እጁን ያወጣለታል? ለሁሉም ሰው እኮ ነግሬያለሁ፤ ነገ ታፈርሰዋለች ብዬ። ሼም ነው የምታከናንቢኝ።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

ከስልኩ ወዲያ የኮልተን ውሻ ጮኸ። የእነሱም ቤት ላይ ነፋሱ ሲመታ ይሰማ ነበር። በ«ብረት መንጋ» ውስጥ ቢሆን ኖሮ አሁን የሚባባሉትን ሁለቱም ያውቁታል። ሁለቱም አላሉትም።

«እንደፈለግሽ» አለ ኮልተን በመጨረሻ፣ ዘጋውም።

ዳርያ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች፣ መቅጃውን ከፈተች። የተጻፈ ነገር ከፊቷ አልነበረም።

«ሰኞ ለኤዝራ ፍሪሰን ‹ጣቢያው ደርሻለሁ› ያልኩት ውሸት ነበር» አለች። «የደረስኩት ዛሬ ነው፤ እሱም በሰው ነዳጅ።» «‹የብረት መንጋ› አሁንም እስካሁን ከነዳሁት ሁሉ ምርጡ ነው። ኩርባ ውስጥ ስትገቡ ሆዳችሁ ይሰማዋል። ‹ሰፊው ጨለማ› ብዙ ቦታ ያሰለቻል። ሙዚቃው የጥርስ ሐኪም ቤት ሙዚቃ ነው፤ የሚያስተምራችሁ የለም፤ አየራችሁን የሚያሳየው ምልክት የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር ናት። ግን መብራታችሁን ስታጠፉ…»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ተሰነጠቀ። አላቆመችም። ስለ ቀለበቱ ጥላ ተናገረች፤ ከሩቅ ስለሚለኮሱት ነጥቦች፣ ሕፃን ታቅፎ ስለሚያንሾካሽክ አንድ ሰው። ለየትኛው እጅ እንደሚወጣ አልተናገረችም። ስትጨርስ አንዴ ብቻ አዳመጠችው። የተሰነጠቀውን ቦታ ልትቆርጠው ጣቷን አስጠግታ ነበር፤ ተወችው።

ለሚስተር ዊብ ላከችው። መላኩን የሚያሳየው ምልክት እስኪታይ ጠበቀች፤ ታየ። የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠችው።